ከጅማ ወደ በረዶ ተራራ፦ የስኪና የስኖውቦርድ ዕቃ ያለ ይሉኝታ መከራየት

ጅማ ላይ በረዶ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው አንዱን ነው። ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል፣ ጨዋታ ያቋርጣል፣ ልጆች ሮጠው ለቅመው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀልጦ ያልቃል። የፈረንጅ አገሩ በረዶ ግን ድምፅ የለውም። ማታ ተኝታችሁ ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ደጅ የቆመ መኪና ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ከጀርመኗ ሙኒክ ደወለችልኝ። ለትምህርት ሄዳ ገና ሁለት ወሯ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ስኪ ሊወስዱኝ ነው። ዕቃውን ከየት ነው የምገዛው?»

«እንዳትገዢ! ተከራዪ።»

«ይከራያል እንዴ?»

ይከራያል። ጫማው፣ ስኪው፣ ዱላው፣ ሄልሜቱ፣ ሁሉም። ስኪ ማለት በየእግሩ አንድ አንድ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጣውላ መሳይ ነገር ነው፤ ስኖውቦርድ ደግሞ ሁለቱም እግር የሚታሰርበት አንድ ሰፊ ሰሌዳ። አዲስ ልግዛ ካላችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ይወጣል፤ በዓመት ሁለት ቀን ለምትጠቀሙበት ነገር ደግሞ ያ ገንዘብ ያንገበግባል። የዚያን ቀን ስልክ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ የቆየ ትብብር ስላላቸው ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ «ኑ፣ ተራራ እንውጣ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ለእሷ የነገርኳትን ለሌላውም ልጻፈው ብዬ ነው። ምሳሌዎቼ ከሙኒክና ለእሷ ቅርብ ከሆነችው የተራራ ከተማ ከጋርሚሽ ናቸው፤ ኦስትሪያም ሂዱ ስዊዘርላንድ፣ አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። አከራይ ሱቅ ስትገቡ ይሉኝታችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ። እኛ «ተመቸህ?» ስንባል እግራችን ቢቆረጥም «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የምንል ሰዎች ነን። ለእንግዳ ቤት ጥሩ ነው። ለስኪ ጫማ ግን አይሆንም። እኔ በዚህ ጠባዬ የአውራ ጣቴን ጥፍር ከፍያለሁ፤ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

1. ቤት ሳላችሁ እግራችሁን ለኩ

የስኪ ጫማ በ42 ወይም በ39 አይጠራም። የሚለካው በሴንቲ ሜትር ነው። የእግራችሁ ርዝመት 26 ከግማሽ ከሆነ ጫማውም 26.5 ነው የሚባለው። ስለዚህ ወረቀት ከግድግዳ አስጠግታችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ፣ ክብደታችሁን ሙሉ በሙሉ ጥላችሁ ቁሙ። የረጅሙ ጣት ጫፍ የደረሰበትን ሌላ ሰው በእርሳስ ምልክት ያድርግላችሁ። ራሳችሁ ካጎነበሳችሁ እግሩ ይንሸራተትና ልኩ ይዛባል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ አንደኛው በለጥ ማለቱ የተለመደ ነው። ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ እግር ሲውል ያብጣልና።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ ክብደት በኪሎ፣ ዕድሜ፣ የእግር ርዝመት። ክብደቱ እውነተኛው ይሁን። ለሠርግ ቀሚስ የሚነገረውን ክብደት አይደለም የምላችሁ። ምክንያቱ 6ኛው ላይ ይመጣል።

2. ልብሱን ከሳልባጅ

ልብስም የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። እኔ የስኪ ጃኬቴን የገዛሁት እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ ሳልባጅ ተራ ነው። ክምሩ ውስጥ ሳገላብጥ ወፍራም ሰማያዊ ጃኬት አገኘሁ። ከውስጥ ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው ቀሚስ መሳይ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ሻጩ «ይሄ ምን እንደሚሠራ እንጃ፣ ከፈለግክ ቆርጠህ ጣለው» አለኝ። ዚፑ ላይ ደግሞ ቀለሙ የለቀቀ ወረቀት በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሳየው የተራራ ሊፍት፣ ማለት ሰውን በገመድ ስቦ ተራራ የሚያወጣው ማሽን፣ ትኬት ነው! የሆነ ሰው የሆነ ተራራ ላይ ወድቆ ተነስቶበት፣ በቦንዳ ተጠቅልሎ ጅማ ደርሷል።

ያንን ቀሚስ መሳይ ጨርቅ እንዳትቆርጡት። ስትወድቁ በረዶው ከሥር ወደ ሆዳችሁ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። መውደቃችሁ ደግሞ አይቀርም። ሱሪውም እንዲሁ ከቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ላስቲክ ያለበት ጨርቅ አለው፣ ጫማው ላይ ይጠለፋል። ሳልባጅ ስታገላብጡ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ፈልጉ።

ከሥር የሚለበሰው ጥጥ አይሁን። ጋቢ ለጅማ ማታ ወደር የለውም፤ ጥጥ ግን ላብም በረዶም መጥጦ ይይዛል፣ ከዚያ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። ቲሸርትም ጂንስም ያው ጥጥ ናቸው። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ። ብርድ ፈርታችሁ ሁለት ካልሲ ብትደርቡ እግራችሁ ተጨንቆ ደም ስለማይዘዋወር ጭራሽ ይበርዳችኋል። ጓንትና ካልሲ ብዙ ጊዜ ስለማይከራዩ እነሱን ግዙ።

3. መቼና የት

የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። እዚህ ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ ሲሰጣ እዚያ ተራራው ይነጣል። ከፈረንጅ ገና አንስቶ እስከ ጃንዋሪ 6 ድረስ ሰዉ ሁሉ ተራራ ላይ ነው። ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ ክልል ጃንዋሪ 6 ራሱ የሕዝብ በዓል ነው። ልክ የእኛ ገና ሲደርስ የእነሱ ግርግር ያልቃል፣ ሱቁም ሊፍቱም ይተነፍሳል። በፌብሩዋሪ የካርኒቫል ሰሞን እንደገና ይጨናነቃል። ከቻላችሁ ቅዳሜና እሁድን ትታችሁ በሥራ ቀን ሂዱ።

ቦታው ሦስት ዓይነት ነው፦ ከተማ ውስጥ፣ ተራራው ሥር ያለው መንደር ውስጥ፣ ወይም ሊፍቱ በር ላይ። ከተማ ረከስ ሊል ይችላል። ግን ያንን ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ ተሸክማችሁ ባቡር ልትገቡ ነው። ተራራ ላይ ጫማው አልሆን ቢላችሁስ? ሱቁ ሙኒክ ቀርቷል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ሊፍቱ አጠገብ ተከራዩ፣ ጥቂት ዩሮ ብትጨምሩም። ጫማውን አንድ ሰዓት ሞክራችሁ ተመልሳችሁ መቀየር መቻል ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጣል።

ከሙኒክ ዋናው ባቡር ጣቢያ እስከ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሽን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1936ቱ የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ከተማ ናት፣ የጀርመን ከፍተኛው ተራራ ዙግሽፒትሰም (2,962 ሜትር) እዚያው ነው። ከፍታው እንዳያስፈራችሁ። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጅማ ከ1,700 በላይ ናት። ወደ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሩ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ አይቸግረውም፣ የሚቸግረው ብርዱ ነው።

ጀርመኖች ስኪን «ሺ» ነው የሚሉት። አከራይ ሱቁ «ሺ ፌርላይ» (Skiverleih) ይባላል፣ ታፔላው ላይ የምትፈልጉት እሱን ነው። ጓደኛዬ መጀመሪያ «ነገ ሺ!» ሲለኝ ብር ሊያበድረኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙ ሱቆች ቀድሞ ኦንላይን ለሚይዝ ቅናሽ ያደርጋሉ። ሌላም ጠይቁ፦ ዕቃውን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል? ብዙ ቦታ ለዚያ ማታ አያስከፍሉም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳትጋፉ፣ ተረጋግታችሁ ትለካላችሁ። እኔ ለስኪ፣ ለጫማና ለዱላ በቀን 30 ዩሮ ገደማ ከፍያለሁ። የሊፍቱ ትኬት ለብቻው ነው፤ የሙሉ ቀኑ ከኪራዩም ሊበልጥ ይችላል። መለማመጃ ሜዳው ላይ ብቻ የሚያገለግል ርካሽ ትኬት ካለ እሱን ያዙ። ተማሪ ከሆናችሁ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የስፖርት ማዕከል የስኪ ኮርስና ጉዞ ስለሚያዘጋጅ መጀመሪያ እሱን እዩ።

4. የትኛውን ስኪ?

ስኪ ስትሉ «የትኛው?» ይሏችኋል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተራራ መውረጃው ነው፦ ሰፋ ያለ፣ ጫማው ከጣትም ከተረከዝም የሚታሰርበት። ሌላው ሜዳ ለሜዳ የሚሄዱበት ነው፤ ጀርመኖቹ ላንግላውፍ ይሉታል። ቀጭን ነው፣ ጫማው ቀላል ነው፣ ተረከዙ አይታሰርም። በፈረንጆቹ 2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የሮጠው በዚህ በሁለተኛው ነው፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሞታል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ሰው ላንግላውፉ ያደላልናል፣ ሩጫ መሳይ ነውና። ጓደኞቻችሁ የሚጠሯችሁ ግን ብዙ ጊዜ ወደ መውረዱ ነው። ምን እንዳሰቡ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስኪ ወይስ ስኖውቦርድ ለሚለው፣ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ስኪ ውሰዱ። ስኪ ላይ ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ስለሆኑ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽም ቢሆን መሄድ ይቻላል። ስኖውቦርድ ላይ የመጀመሪያው ቀን የመቀመጫና የእጅ አንጓ ቀን ነው።

5. ጫማው

ሌላውን ሁሉ ብትሳሳቱ ቀኑ ያልፋል። ጫማው ከተበላሸ ግን ቀኑ ተበላሸ።

የስኪ ጫማ ከውጭ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ከውስጥ ለስላሳ ሌላ ጫማ አለው። ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ አራት ዘለበት አለው፣ ከላይ ደግሞ ሰፊ የሚጣበቅ ቀበቶ። አለባበሱ እንዲህ ነው። ዘለበቶቹን ሁሉ ፍቱ። ምላሱን ወደ ፊት ሳቡና እግራችሁን አስገቡ። ተረከዛችሁን ሁለት ሦስቴ መሬቱ ላይ መታ መታ አድርጉ፣ እግሩ ወደ ኋላ ገብቶ እንዲቀመጥ። መጀመሪያ የላይኞቹን ዘለበቶች ላላ አድርጋችሁ ዝጉ። ተነሱ። ጉልበታችሁን ወደ ፊት እጠፉ። ከዚያ እንደገና አንድ አንድ ጥርስ አጥብቁ። ጣት ላይ ያሉትን ታችኞቹን እንዲያው ለመዝጋት ያህል ብቻ። ከካልሲው በቀር ምንም ነገር ጫማው ውስጥ አይግባ፤ የውስጥ ሱሪው ጫፍ እንኳ።

አሁን ፈተናው። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ነካ ያደርጋል። ጉልበት ስታጥፉ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንደዚህ ከሆነ ልኩ ነው። ስታጥፉም ጣቱ ከተጫነ ጠቧል። ወደ ፊት ዘንበል ስትሉ ተረከዙ ከተነሳ ሰፍቷል።

እኔ የተሸወድኩት በመጨረሻው ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ጠዋት፣ ሱቁ እስከ በሩ ሰው ሞልቷል። አንድ ወጣት ተንበርክኮ ጫማውን አጠለቀልኝ። እንደ ቤት ጫማ ተመቸኝ። ዘንበል ስል ተረከዜ ከፍ ሲል ተሰማኝ። ልጁ ቀና ብሎ «ጥሩ ነው?» አለኝ። ከኋላዬ ሃያ ሰው ቆሟል። «በጣም ጥሩ!» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጠቁረው ነበር። ሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና በየዙሩ ጥፍሩ ፕላስቲኩን ይመታል። የግራው ጥፍር ከሦስት ሳምንት በኋላ ወለቀ።

ስለዚህ ምቾት አያታላችሁ። ትክክለኛው ጫማ ዙሪያውን ጨበጥ ያደርጋል፣ እንደ ጠንካራ ሰላምታ። ከባት ፊት ለፊት ያለው የቅልጥም አጥንት ላይ ጫና ቢኖር ችግር የለውም። አንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ ግን ወዲያው ተናገሩ። አሥር ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ለብሳችሁ ተንቀሳቀሱ። ሦስት ጫማ አስወጡ፣ አራት አስወጡ። ማንም አይታዘባችሁም፤ ቢታዘባችሁም ከጥፍር አይበልጥም። ሲሰጧችሁም ለስለስ ያለ፣ የጀማሪ ጫማ ይሁን በሉ። ደረቁ የጎበዞች ነው።

6. ማሰሪያው ላይ ያለው ቁጥር

ስኪው ላይ ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ ሁለት ሥራ አለው። ስትሄዱ ይይዛል፣ ክፉኛ ስትወድቁ ይለቃል። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ማሰሪያው ላይ የሚታየው ትንሽ ቁጥር ነው። ጀርመኖቹ ዲን ይሉታል። ሠራተኛው ቁጥሩን የሚያወጣው ከአምስት ነገር ነው፦ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ሶል ርዝመት እና የችሎታ ደረጃ።

እዚህ ላይ ነው የስልኩ ማስታወሻ የሚሠራው። «እኔ ትንሽ እችላለሁ» ብላችሁ ከጎረራችሁ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ስትወድቁ ስኪው አይለቅም። ስኪው ካልለቀቀ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ክብደታችሁን ከቀነሳችሁ ደግሞ ያለ ቦታው ይፈታና እሱም ይጥላችኋል። ዕድሜም አትደብቁ፤ ከ50 ዓመት ጀምሮ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ስለ ችሎታ የሚባለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አንፌንገር»። ጀማሪ ማለት ነው። አፍ ሞልታችሁ በሉት።

ቁጥሩን ራሳችሁ በካቻቪቴ እንዳትነኩት። ከጓደኛ ጋር ጫማ ከተቀያየራችሁም ማሰሪያው ለእናንተ አይሠራም፤ ተመልሳችሁ ሱቁ ያስተካክለው።

7. ርዝመትና ዱላ

አጭር ነው። ስኪው ሲቆም በአገጭና በአፍንጫ መካከል ይድረስ። ረጅም ስኪ ይፈጥናል፣ ለመዞር ግን እንቢ ይላል። ዱላውን ገልብጣችሁ ክብ ነገሩ ሥር ያዙት፤ ክንዳችሁ ልክ እንደ ጠረጴዛ ጥግ ከታጠፈ ልካችሁ ነው።

8. ስኖውቦርድ ለሚሉ

መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ነው። ግራ ከፊት ከሆነ ሬጉላር፣ ቀኝ ከሆነ ጉፊ ይባላል። ይህን ለማወቅ የጅማ ልጅ ፈተና አያስፈልገውም። ሐምሌ ላይ ቀዩ ጭቃ ሲያንሸራትታችሁ የትኛው እግር ቀድሞ ይሄዳል? እሱ ነው። ጭቃ ካላያችሁ በካልሲ ሊሾ ላይ ሮጣችሁ ተንሸራተቱ።

ቦርዱም አገጭና አፍንጫ መካከል ይሁን፣ ክብደት ግን ከቁመት ይበልጥ ይወስናል። ከበድ ካላችሁ ረዘም ይላል። የተራ ጫማ ቁጥራችሁ ከ44 በላይ ከሆነ ሰፊ ቦርድ ጠይቁ፣ አለዚያ ጣታችሁ ወጥቶ በረዶው ላይ ይጎተታል። ጫማው ከስኪው ጫማ በጣም ለስላሳ ነው፣ እንደ ሰው ይራመዱበታል። ማሰሪያው ግን ስትወድቁ አይለቅም፤ ከቦርዱ ጋር ትወድቃላችሁ። ስለዚህ የእጅ አንጓ መከላከያ ካላቸው ተከራዩ። ስትወድቁ መዳፍ መዘርጋት የሁላችንም ደመ ነፍስ ነው፤ አንጓ የሚሰበረውም በዚያ ነው።

9. ሄልሜትና መነጽር

ሄልሜት ውሰዱ። ጀርመን ውስጥ ለአዋቂ በሕግ አይገደድም፣ እኔ ግን ያለ እሱ አልወጣም። ልኩ ማሰሪያው ሳይቆለፍ ራሳችሁን ስትነቀንቁ የማይዞር ነው። ፀጉራችሁ ሹሩባ ከሆነ ወይም አፍሮ ከሆነ በዚያ ቀን በምትሄዱበት አኳኋን አስተካክላችሁ ለኩ። ባልደረባዬ በሹሩባ ለክታ በማግስቱ ፈታ ሄዳ ሄልሜቱ አልገባ ብሏት ነበር።

መነጽር ብዙ ሱቅ አያከራይም፣ ርካሹን ግዙ። ፀሐይ ላይ በረዶ እንደ መስታወት ነው፣ ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ተረት ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለፊት፣ ቅባት ለከንፈር።

ድንበር ተሻግራችሁ ጣሊያን ልትወጡ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ በስኪ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ብትጎዱ የሚከፍል ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ጀርመንም ብትሆኑ የጤና ኢንሹራንሳችሁ ከተራራ ላይ ማንሳትን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። የአደጋ ስልኩ 112 ነው።

10. ከመፈረም በፊት

ከእድር ዕቃ ቤት ሳህንና ብርጭቆ ያወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቆጥሮ፣ የተሸረፈውን አሳይቶ፣ ከዚያ ነው የሚፈርመው። እዚህም እንዲሁ። ስኪውን ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። ጥልቅ ጭረት ካለ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ብረት ከተሸረፈ ለሠራተኛው አሳዩትና ፎቶ አንሱ። ፍሬኑ፣ ማለት ጫማው ሲወጣ ስኪው ብቻውን እንዳይነጉድ የሚይዙት ሁለቱ ክንዶች፣ ተጫን ለቀቅ ሲደረግ ይመለስ። የስኪውንና የጫማውን ቁጥርም ፎቶ አንሱ።

ለስብራትና ለስርቆት የሚሆን ኢንሹራንስ በቀን ጥቂት ዩሮ ነው። ግዙት። የግል ኃላፊነት ኢንሹራንስ አለን የምትሉም ውሉን አንብቡ፤ የተከራያችሁትን ዕቃ የማይሸፍን ብዙ ነው። መያዣ ከጠየቁ የባንክ ካርድ ወይም መታወቂያ ስጡ። ፓስፖርት ትቶ መሄድ አልወድም።

11. ተራራው ላይ

ስኪውን ሆድ ለሆድ አጋጥማችሁ ትከሻ ላይ ተሸከሙ፣ ጫፉ ወደ ፊት። እንደ ጣውላ ተሸካሚ ነው፦ ሰው ሲጠራችሁ በድንገት አትዙሩ። ከኋላ ያለው የማን ጥርስ እንደሆነ አታውቁም።

ስትለብሱ የጫማውን ሶል በዱላ መታ መታ አድርጋችሁ በረዶውን አራግፉ። ጣት መጀመሪያ፣ ተረከዝ ቀጥሎ፣ «ቀጭ» እስኪል ርገጡ። በረዶ ከተጋገረበት አይገባም፤ ብዙ ጀማሪ ማሰሪያው ተበላሸ ብሎ ሱቅ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

የሊፍቱ ካርድ ግራ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ለብቻው። መግቢያው በግራ በኩል ራሱ ያነበዋል። የሳልባጅ ጃኬቴ ግራ ክንድ ላይ አንድ ትንሽ ኪስ ነበረችው፣ ጅማ ሳለሁ ምን ትሠራለች እያልኩ የቡና ሳንቲም አስቀምጥባት ነበር። ለካ የካርዱ ናት።

መንገዱ በቀለም ነው። ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር የጎበዞች። ግማሽ ቀን አስተማሪ ያዙ። ጓደኛ ያስተምረኛል አትበሉ፤ ጓደኛ በሁለተኛው ሰዓት ይሰለቸውና ቀይ ላይ ይዟችሁ ይወጣል። ከፊታችሁ ያለው ሰው ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው፣ ከኋላ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው።

ምሳ ስትበሉ ስኪያችሁን አንድ ላይ አታቁሙ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ሌባ ነጠላ ስኪ አይወስድም። የኪራይ ስኪ ደግሞ ሁሉም ስለሚመሳሰል ሌባ ባይኖርም የተሳሳተ ሰው ይወስደዋል። ፎቶ ያነሳችሁት ቁጥር እዚህ ይጠቅማል።

12. መመለስ

ሱቁ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠዋት ጠይቁ፤ ሰዓቱ እንደ እኛ አቆጣጠር እንዳልሆነም አስታውሱ። ዘለበቶቹን ሁሉ ዘግታችሁ፣ በረዶውን አራግፋችሁ አስረክቡ። መያዣ ያስቀመጣችሁትን ሳትቀበሉ አትውጡ።

ጫማችሁን ደግሞ፣ የራሳችሁን ጫማ ማለቴ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ። ቦርሳ ውስጥ ያዙት። እኔ በሁለተኛው ዓመት መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ሊፍቱ ላይ ሰልፍ በዛ፣ ስወርድ ሱቁ ተዘግቷል። መስተዋቱ ውስጥ ጫማዬ ቁጭ ብሎ ይታየኛል። በስኪ ጫማ፣ ቋ ቋ እያልኩ፣ ባቡር ውስጥ ገብቼ ሙኒክ ደረስኩ። በማግስቱ የአንድ ቀን ኪራይ ጨምሬ፣ የባቡር ትኬት ደግሜ ቆርጬ፣ ጫማዬን ላመጣ ጋርሚሽ ተመለስኩ።